ያዘዙትና የደረሰው፦ በአምቡላንስ ውስጥ ቬንቲሌተር ስለማንበብ

ጠያቂዋ ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ አቅጣጫ በሚገኝ አነስተኛ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ነርስ ናቸው። እንዲህ ይላሉ፦ «በቅርቡ ተንቀሳቃሽ ቬንቲሌተር፣ ማለትም ታካሚን የሚያስተነፍስ መሣሪያ፣ ገብቶልናል። ሥልጠናው የግማሽ ቀን ነበር፤ ማብራትና ማጥፋቱን ተምረናል። ሪፈር የተባለ ታካሚ ይዤ ወደ ከተማ ስሄድ ግን ስክሪኑ ላይ የማያቸው ቁጥሮች ካስገባኋቸው ጋር አይገጥሙም። አላርሙም አያርፍም። የትኛውን ቁጥር ልመን? አላርም ሲጮኽስ መጀመሪያ ምን ላድርግ?»

ሲስተር፣ የትኛውን ልመን ላሉት፣ አንዱንም ለብቻው አይመኑ፤ ሁለቱን ያወዳድሩ። የቬንቲሌተር ስክሪን ሁለት ዓይነት ቁጥር ይይዛል። አንዱ እርስዎ ቁልፍ አዙረው ወይም ስክሪኑን ነክተው ያዘዙት ነው። ሌላው መሣሪያው አየሩን ልኮ፣ ሲመለስም ተቀብሎ የለካው ነው። የታዘዘው የእርስዎን ፍላጎት ይነግራል፤ የተለካው ደግሞ የታካሚውን ሳንባ፣ የቱቦውንና የማያያዣዎቹን ሁኔታ። ሁለቱ ሲለያዩ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነው የቬንቲሌተር ሥራ ማለት፤ ቀሪው ቁልፍ መጫን ነው።

ከመቀጠሌ በፊት፦ እኔ የሰመመን ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለአዋቂ ታካሚ ናቸው። ለሕፃናት ስሌቱም ቱቦው ሌላ ነው። የእያንዳንዱ ታካሚ የመነሻ ትእዛዝም ከላኪው ሐኪም ጋር ተነጋግሮ የሚወሰን ነው።

በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ላይ የታዘዙት ቁጥሮች ከታች ወይም ከቁልፎቹ አጠገብ፣ የተለኩት ከላይ ወይም ከጎን ይሰለፋሉ። ይሁን እንጂ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ዓይነቱ ብዙ የሆነ መሣሪያ በየሆስፒታሉ ስላለ፣ የአንዱን ሥርዓት ለሌላው መገመት አደገኛ ነው። የራስዎን መሣሪያ የሚያውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። ታካሚ በሌለበት ሰዓት ከሙከራ ሳንባ ጋር ያያይዙት። የሙከራ ሳንባ ከሌለ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሁለት ሊትር የሰመመን ከረጢት ይዋሱ። መሣሪያውን አብርተው የትንፋሽ መጠኑን፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ የሚገባውን አየር፣ ከ400 ወደ 500 ሚሊ ሊትር ይቀይሩ። ወዲያው የተቀየረው ቁጥር ያዘዙት ነው፤ ከአንድ ሁለት ትንፋሽ በኋላ ተከትሎ የሚቀየረው የተለካው ነው። ቀጥለው ከረጢቱን በሁለት እጅዎ ጨምቀው ይያዙ፤ የግፊቱ ቁጥር ሲወጣ ያያሉ። ማያያዣውን በትንሹ ያላሉ፤ ተመላሹ መጠን ሲወርድ ያያሉ። ቱቦውን ያጥፉት፣ ከናካቴው ይንቀሉት፤ እያንዳንዱ አላርም ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለውና ምን እንደሚጽፍ ይመዝግቡ። እንዲህ ያለፈ ግማሽ ሰዓት ከተሰጠዎት ሥልጠና ይበልጣል ብል አልዋሸሁም።

ሞድ የሚባለው ነገር፣ ማለትም መሣሪያው ትንፋሽ የሚሰጥበት ስልት፣ ብዙ ሰው ያስፈራል፤ አምራቾቹም ለአንድ ነገር የተለያየ ስም እያወጡ ያወሳስቡታል። ለመንገድ የሚበቃዎት አንድ ልዩነት ነው። መጠን ባዘዙበት ሞድ መሣሪያው ያንን መጠን ለማስገባት ሲል የሚያስፈልገውን ያህል ይገፋል፤ ስለዚህ ዓይንዎ ግፊቱ ላይ ይሁን። ግፊት ባዘዙበት ሞድ ደግሞ ሳንባው ቢደድር፣ ቱቦው በአክታ ቢጠብ፣ ግፊቱ እንደታዘዘ ይቆይና የሚገባው መጠን ይወርዳል፤ ስለዚህ ዓይንዎ መጠኑ ላይ ይሁን። ግፊት አዝዞ ግፊቱን እያየ «ደህና ነው» የሚል ሰው ያየው የራሱን ትእዛዝ ነው። ልምዱ ገና ለሆነ ባልደረባ፣ ለአዋቂ ታካሚ፣ መጠን የሚታዘዝበትንና ታካሚው ትንፋሽ ሲጀምር ሙሉውን የሚያግዘውን ሞድ እመርጣለሁ፤ ግፊት ሲበዛ አላርሙ ስለሚናገር ችግሩ ተደብቆ አይቆይም።

የትንፋሽ መጠን የሚሰላው በቁመት ነው፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይወፍርም። ለሴት ከቁመቷ በሴንቲ ሜትር 152.4 ይቀንሱ፣ ውጤቱን በ0.91 ያባዙ፣ 45.5 ይደምሩ። ለወንድ በ45.5 ፋንታ 50 ይደምሩ። በተገኘው ኪሎ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት በዚህ ስሌት 52 ኪሎ ገደማ ናት፤ ትንፋሿም ከ315 እስከ 420 ሚሊ ሊትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ይቺው ሴት ሚዛን ላይ 85 ኪሎ ብትሆንና በ8 ቢያባዙት 680 ይመጣል፤ ሳንባን የሚጎዳ መጠን ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመው ትልቅ ጥናት ሳንባቸው ክፉኛ በተጎዳ ታካሚዎች ላይ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትርን ከ6 ጋር አነጻጽሮ፣ ሞት ከ39.8 በመቶ ወደ 31 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ትንፋሽ መስጠት እንደ ደግነት መቆጠሩ ቀርቷል፤ ቀርቷል ይባላል እንጂ በዓይን ግምት «ወፍራም ነው፣ 600 ስጠው» ሲባል አሁንም እሰማለሁ። የልብስ ሰፊ ሜትር ገዝተው ከመሣሪያው ቦርሳ ውስጥ ያኑሩ፤ ተኝቶ ያለ ሰው ከራስ ቅሉ እስከ ተረከዙ ለመለካት ጊዜ አይፈጅም።

የትንፋሽ ብዛት በደቂቃ 14 ወይም 16 ብሎ መጀመር ለብዙዎች ይስማማል። 400 ሚሊ ሊትር በ16 ሲባዛ በደቂቃ 6.4 ሊትር ይሆናል። ስክሪኑ ላይ የደቂቃ መጠን ተብሎ የተለካውን ከዚህ ጋር ያስተያዩ። ታዞ ከሄደው 400 ውስጥ የተመለሰው 390 ከሆነ ጤናማ ነው። 300 ከሆነ አየር የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው፦ ጉሮሮ ውስጥ በገባው ቱቦ ዙሪያ የሚነፋው ፊኛ ተንፍሷል፣ ማያያዣ ላልቷል፣ ወይም የደረት ቱቦ ያለው ታካሚ ከሆነ በዚያ በኩል ይወጣል። የፊኛው ግፊት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ መሆን አለበት፤ ከመነሳትዎ በፊት ይለካ።

አስም ያለበት ታካሚ ከዚህ ሁሉ የተለየ አያያዝ ይፈልጋል። ችግሩ ማስገባቱ ላይ ሳይሆን ማስወጣቱ ላይ ነው። ብዛቱን ቢጨምሩበት፣ የፊተኛው ትንፋሽ ሳይወጣ ሌላው ይገባል፤ ተሳፋሪ ሳይወርድ ሌላ እንደሚጫንበት ሚኒባስ ታክሲ ሳንባው ይታጨቃል። ብዛቱን ወደ 10 ወይም 12 ያውርዱ፤ በ12 አንዱ ዑደት 5 ሰከንድ ስለሆነ 1 ሰከንድ ለማስገቢያ፣ 4 ሰከንድ ለማስወጫ ይተርፋል። ስክሪንዎ የፍሰት መስመር የሚያሳይ ከሆነ፣ ወደ ታች የወረደው መስመር ቀጣዩ ትንፋሽ ከመጀመሩ በፊት ወደ ዜሮ መመለሱን ይመልከቱ። ካልተመለሰ አየር እየታጎረ ነው። የደም ግፊቱ ድንገት ከወረደ ደግሞ ቱቦውን ከመሣሪያው ለይተው ደረቱን ቀስ ብለው ይጫኑ፤ የታጎረው አየር ሲወጣ ግፊቱ ከተመለሰ ምክንያቱን አግኝተዋል።

ፒፕ፣ ማለትም በትንፋሽ ማብቂያ ላይ የሚቀረው ግፊት፣ ብዙውን ጊዜ በ5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይጀመራል። ከዚያ በላይ ማድረግ ኦክስጅኑን ሊያሻሽል፣ የደም ግፊትን ደግሞ ሊያወርድ ይችላል፤ ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጨምሩ።

ኦክስጅን ላይ ግን ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ከከተማችን ከፍታ ጋር የተያያዘ ነገር አለውና፣ በውጭ አገር መመሪያ ብቻ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በባሕር ጠለል 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 580 ገደማ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን እዚያም እዚህም 21 በመቶ ነው፤ ግፊቱ ስለቀነሰ ግን ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን የሚገፋበት ኃይል እዚያ 150 ሲሆን እዚህ 112 ገደማ ይሆናል። ይህ በመሣሪያው ላይ ምን ማለት ነው? በባሕር ዳርቻ ከተማ በ40 በመቶ ኦክስጅን ደህና የሚሆን ታካሚ፣ እዚህ ያንኑ ለማግኘት ወደ 53 በመቶ ይጠጋል ማለት ነው። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚያሳየው የጣት መለኪያ 88 በመቶ ሲል «40 በመቶ ይበቃዋል ይላል መመሪያው» ብሎ መከራከር ከንቱ ነው፤ እስከ 92 እና ከዚያ በላይ እስኪደርስ ያሳድጉ። ደህና ሲሆንም መልሰው ያውርዱ። ሙሉ 100 በመቶ ላይ ትቶ መርሳት ሲሊንደርም ይጨርሳል፣ የሳንባው መበላሸትም ቶሎ አይታይም።

ሁለተኛው የከፍታ ጣጣ መለኪያው ራሱ ነው። በብዙ መሣሪያዎች ውስጥ ያለው የኦክስጅን መለኪያ የሚሰማው ግፊትን ነው። በባሕር ጠለል ተስተካክሎ መጥቶ እዚህ ካልተስተካከለ፣ ተራውን አየር 21 በማለት ፋንታ 16 ገደማ ሊል ይችላል። ስለዚህ ኦክስጅን ሳያገናኙ መሣሪያውን በተራ አየር ያስኬዱና ቁጥሩን ይዩ። 20 ወይም 21 ካላለ፣ ማስተካከያውን ከምናሌው ውስጥ ያሠሩ፤ ከዚያም ካልተስተካከለ ኦክስጅኑን የሚለካው ሴል ያለቀ ነውና ባዮሜዲካል ክፍል ይጠሩ። አንዳንዱ መሣሪያ የአካባቢውን ግፊት ራሱ ይለካል፤ ሌላው ግን ከፍታውን በእጅ ማስገባት ይፈልጋል፣ ሳይነካ ከቆየም ከፋብሪካ እንደወጣ ዜሮ ሜትር ላይ ነው። እንዲህ ከሆነ የትንፋሽ መጠኑ ንባብም ሊዛነፍ ይችላል። የራስዎ መሣሪያ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ዛሬውኑ ያጣሩ።

ሦስተኛው ኦክስጅኑ የሚገባበት በር ነው። ከሲሊንደሩ በግፊት ማስተካከያ በኩል በወፍራሙ ቱቦ ከተገናኘ መሣሪያው ያዘዙትን መቶኛ ራሱ ይቀላቅላል። በቀጭኑ ቱቦ ከፍሎ ሜትር (በደቂቃ የሚፈሰውን ሊትር ከሚወስነው መክፈቻ) ወይም ከኮንሰንትሬተር (ኦክስጅንን ከአየር ለይቶ ከሚያወጣው ማሽን) ከተገናኘ ግን መቶኛውን የሚወስነው መሣሪያው አይደለም፤ የታካሚው የደቂቃ መጠን ነው። እንመልከት። ታካሚው በደቂቃ 8 ሊትር ይተነፍሳል፤ እርስዎ 4 ሊትር ኦክስጅን ከፍተዋል። ቀሪው 4 ሊትር ተራ አየር ነው፣ በውስጡ 0.84 ሊትር ኦክስጅን አለ። 4.84 ለ8 ሲካፈል 60 በመቶ ይመጣል። አሁን ታካሚው ነቅቶ መታገል ጀመረና የደቂቃ መጠኑ 12 ሆነ እንበል። ፍሎ ሜትሩ አልተነካም፤ መቶኛው ግን ወደ 47 ወርዷል። ማንም ምንም ሳይነካ የጣት መለኪያው መውረዱ የሚያስደነግጠው ይህን ያላሰበ ሰው ነው።

ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደሚያቆይም በስሌት ይታወቃል። በላዩ የተጻፈውን የውኃ ሊትር በግፊት መለኪያው ባር ያባዙ። ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር 120 ባር ካሳየ 1,200 ሊትር ኦክስጅን አለው። በደቂቃ 10 ሊትር የሚወስድ ከሆነ ሁለት ሰዓት ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ቃሊቲ ላይ የጭነት መኪና መንገድ ከዘጋበት ቀን ጋር የተገናኘ ሰው ሁለት ሰዓት ብዙ እንዳልሆነ ያውቃል። የጉዞውን ግምት በእጥፍ የሚሸፍን ካልያዙ አይነሱ፤ የሲሊንደሩን ቁልፍም ይዘው መሄድ አይርሱ፣ ሁለተኛውን ሲሊንደር ያለ ቁልፍ መክፈት አይቻልም።

አሁን ወደ አላርሙ። ሲጮኽ መጀመሪያ የሚታየው ታካሚው ነው፦ ደረቱ ይነሳል? ቀለሙ እንዴት ነው? የልብ ምቱና የጣት መለኪያው ምን ይላሉ? እየተባባሰ ከሆነ ስክሪኑን ለመመርመር አይቁሙ። ከመሣሪያው ለይተው በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቀው የማስተንፈሻ ከረጢት)፣ በሙሉ ኦክስጅን፣ በእጅዎ ያስተንፍሱ። አምቡ ባጉ በቦርሳ ውስጥ ሳይሆን በታካሚው ራስጌ፣ ማስኩ ገጥሞለት መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው። እጅም ይለካል። ከረጢቱ በቀላሉ ከተጨመቀና ታካሚው ከተሻለው፣ ጥፋቱ ከመሣሪያው ወይም ከቱቦዎቹ ነው። ከረጢቱ አልጨመቅ ካለ ጥፋቱ ከታካሚው ወይም ጉሮሮው ውስጥ ካለው ቱቦ ነው። በእጅ ማስተንፈስን የሚንቁ ወጣቶች አያለሁ። በ1952 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ ፖሊዮ ሲነሣ፣ ሰመመን ሰጪው ቢዮርን ኢብሰን ባቀረበው ሐሳብ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተተካኩ ለሳምንታት ከረጢት እየጨመቁ ብዙ ሰው አትርፈዋል፤ የዛሬው ጽኑ ሕሙማን ክፍል መነሻው እዚያ ነው። ለጥቂት ደቂቃ በእጅ መርዳት እንግዲህ ምንም አይደለም፤ ዋናው ቶሎ ቶሎ አለመጨመቅ ነው።

በእጅዎ እያስተነፈሱ አራት ነገር ይፈልጉ። ቱቦው ተንሸራቷል? ከንፈር ላይ ያለውን የሴንቲ ሜትር ምልክት ሲነሱ ከጻፉት ጋር ያስተያዩ፤ በተቆፋፈረ መንገድ ቱቦ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀኙን ሳንባ ብቻ ማስተንፈስ የተለመደ ነው። ተዘግቷል? አክታውን ይምጠጡ፣ ታካሚው እየነከሰው እንደሆነ ይዩ። በደረት ውስጥ አየር ፈስሷል? ከፈጣን መንገዱ ከሚመጡ የመኪና አደጋ ተጎጂዎች ጋር ይህ ሁልጊዜ ሊታሰብ ይገባል፤ አንዱ ወገን ካልተነሳ፣ በዚያ በኩል የትንፋሽ ድምፅ ከጠፋና የደም ግፊት ከወረደ፣ አብሮ ያለው ሐኪም ኤክስሬይ ሳይጠብቅ የታጎረውን አየር በመርፌ እንዲያወጣው ወዲያው ይናገሩ። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ አራተኛው መሣሪያው ነው።

ታካሚው ካልተባባሰና የከፍተኛ ግፊት አላርም ብቻ ከሆነ ለማንበብ ጊዜ አለዎት። መሣሪያዎ በትንፋሽ ማስገቢያ ማብቂያ ላይ የሚያቆም ቁልፍ ካለው፣ ታካሚው በማይታገልበት ሰዓት ለአፍታ ይጫኑት። አየሩ ሲቆም ግፊቱ ከጫፉ ወርዶ የሚረጋበት ቁጥር ሳንባው በእውነት የሚሸከመው ነው፤ ፕላቶ ይባላል፣ ከ30 መብለጥ የለበትም። ጫፉ 42፣ ፕላቶው 20 ከሆነ ሳንባው ደህና ነው፤ የጠበበው መንገዱ ነው፦ የታጠፈ ቱቦ፣ አክታ፣ ንክሻ፣ የአስም ጥበት። ጫፉ 42፣ ፕላቶው 36 ከሆነ ግን ሳንባው ራሱ ደድሯል ወይም በአየር፣ በፈሳሽ፣ በተነፋ ሆድ ተጨንቋል። የመጀመሪያውን ሳክሽን (አክታ መምጠጥ) እና የአስም መድኃኒት ይፈታዋል፤ ሁለተኛውን ሳክሽን አይፈታውም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የግፊት ጣሪያው ሲነካ አብዛኛው መሣሪያ ከመጮኽ አልፎ ትንፋሹን እዚያው ይቆርጣል። 400 አዝዘው 150 ብቻ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አላርሙን ለሁለት ደቂቃ ዝም አሰኝተው ወሬ የሚቀጥሉ ሰዎች፣ ታካሚውን ለሁለት ደቂቃ በግማሽ ትንፋሽ ትተውታል። በድምፅ ማውጫው ላይ ፕላስተር የተለጠፈበት መሣሪያም አይቻለሁ፤ ስለ እሱ ጨዋ ቃል የለኝም። ጣሪያውን ታካሚው ከተረጋጋ በኋላ ከሚታየው ጫፍ 10 ያህል ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ያለ በቂ ምክንያት ከ40 አያሳልፉት። የደቂቃ መጠን ዝቅተኛ ወሰኑን ደግሞ ከተለካው ሩብ ያህል ዝቅ ያድርጉ። ዜሮ ላይ የተተወ ወሰን ቱቦ ቢነቀልም አይናገርም።

የዝቅተኛ ግፊት ወይም የዝቅተኛ መጠን አላርም ሲሆን ከታካሚው አፍ ጀምረው ቱቦውን በእጅዎ እየዳበሱ እስከ መሣሪያው ይሂዱ። በዓይን ብቻ ሲያዩት የተገጠመ የሚመስል ማያያዣ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። ከታካሚው አጠገብ የፍሰት መለኪያ ያለው መሣሪያ ከሆነ፣ ከእሱ የሚወጡት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ላይ እንዲሆኑ አድርገው ያስቀምጡት፤ ከታች ከሆኑ የትንፋሽ እርጥበት ገብቶባቸው ቁጥሩን ሁሉ ያዛባሉ።

የአምቡላንስ ልዩ ችግር ደግሞ ይኸውልዎ። 14 አዝዘው የተለካው ብዛት 28 ይላል። ወዲያው ማስታገሻ ከመጨመርዎ በፊት እጅዎን ደረቱ ላይ አድርገው የታካሚውን ጥረት ይፈልጉ። የእሱ ጥረት ከሌለና መሣሪያው በራሱ እየሰጠ ከሆነ፣ የመኪናው መንቀጥቀጥ፣ በቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ወይም የአየር ማፍሰስ መሣሪያውን እያታለለው ነው። ውኃውን ያፍስሱ፣ ማፍሰሱን ይድፈኑ፣ ከዚያ የመቀስቀሻውን ወሰን፣ ማለትም መሣሪያው «ታካሚው ትንፋሽ ጀመረ» የሚልበትን መጠን፣ በፍሰት ከ2 ሊትር ወደ 4 ወይም 5 ያሳድጉ። እውነት ታካሚው ራሱ 28 ጊዜ እየጀመረ ከሆነ ግን ምክንያት አለው፦ ሕመም፣ መንቃት፣ የኦክስጅን እጥረት፣ የሞላ የሽንት ፊኛ። የመቀስቀሻውን ወሰን ማሳደግ እዚህ ላይ ሰውየውን በከንቱ ማድከም ነው።

የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ ካለዎት ሌላ ነገር ቢቀር እሱን ይያዙ። በየትንፋሹ የሚመላለስ ሞገድ ቱቦው በትክክለኛው ቦታ ለመሆኑ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው። ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጠበቃል። ድንገት ወደ ዜሮ ከወረደ ቱቦው ወጥቷል፣ ተነቅሏል ወይም ልብ ቆሟል፤ የጣት መለኪያው ይህን የሚነግርዎ ዘግይቶ ነው። የጭንቅላት ጉዳት ያለበትን ታካሚ «እንዲሻለው» ብሎ ቶሎ ቶሎ ማስተንፈስ ይህን ቁጥር ከ35 በታች አውርዶ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ይቀንሳል።

ከመነሳትዎ በፊት ታካሚውን በተንቀሳቃሹ መሣሪያ ላይ፣ አልጋው ላይ እንዳለ፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ያቆዩት። የማይስማማው ከሆነ የሚታወቀው እዚያ ይሁን፤ ገላን አደባባይ ላይ አይሁን። ያዘዙትንና የተለካውን ጎን ለጎን በወረቀት ይጻፉ፤ ተቀባዩ ሆስፒታል የሚፈልገው ሁለቱንም ነው። «ፒፕ 5፣ ኦክስጅን 60» ብቻ ብሎ ማስረከብ ግማሽ ወሬ ነው፤ ጫፉ፣ ፕላቶውና የተመለሰው መጠን ስንት እንደነበር ሲነገር ነው ተረካቢው ሳንባውን የሚያውቀው። እዚያ ሲደርሱ የእነሱ መሣሪያ በርቶ፣ ቁጥሩ ገብቶ፣ በሙከራ ሳንባ ሲሠራ ሳያዩ የራስዎን አይንቀሉ።

ባትሪው ላይ ያለው ሥዕል ሙሉ መሆኑ ባትሪው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ያረጀ ባትሪ ሙሉ ያሳይና ከፍ ያለ ፒፕና ብዛት ሲታዘዝበት በድንገት ይወርዳል። በመኪናው ውስጥ በ12 ቮልት ገመዱ ያገናኙት፤ ሶኬቱ በእርግጥ ኃይል እንደሚሰጥ የሚያረጋግጠው የመሙያ ምልክቱ መብራቱ ነው፣ የተሰካ መምሰሉ አይደለም። ሲመለሱ ማጣሪያውንና የታካሚውን ቱቦ አስወግደው፣ ገላውን አጽድተው፣ ወዲያው ግድግዳው ላይ ይሰኩት፤ በእኛ ሰፈር መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅምና «ነገ እሰካዋለሁ» አያዋጣም። በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ሙሉ ከሞላ በኋላ ነቅለው፣ በሙከራ ሳንባ ላይ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ትእዛዝ፣ የባትሪ አላርም እስኪጮኽ ያስኬዱት። ቀኑንና የቆየበትን ጊዜ በመሣሪያው ጎን ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፉ። ከመጀመሪያው ጊዜ ሲሶ ያህል ቀንሶ ካገኙት አዲስ ባትሪ እንዲገዛ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ እስኪመጣም ከከተማው ወሰን በላይ በባትሪ ብቻ ተማምነው አይውጡ።